በራችን ላይ የተቀባችው ቀይ ኤክስ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ትናንት ምሳ ምን በላህ ብትሉኝ ባለቤቴን ጠይቄ ነው የምመልስላችሁ። ይቺን ግን አልረሳኋትም። ማንም ሳያዘኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ እጄ የገዛ ቤቴን ማፍረስ ጀምሬ ነበርና።

የምኖረው ሆሳዕና ነው። ግቢያችን ፊቱን ለመንገድ የሰጠ ነው። ከግቢው በር በስተቀኝ ራሴ የሠራኋት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች። የማያውቀኝ ሰው ሱቅ መስላው ሳሙና አለ ብሎ ይጠይቃል። ሳሙና የለም። ውስጧ ያለው ጓጉንቸር ብቻ ነው።

ቁልፋቸው የጠፋባቸውን ጓጉንቸሮች እሰበስባለሁ። እንዴት እንደ ጀመረኝ ልንገራችሁ። ብዙ ዓመት የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበርኩ። ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ ፈታ። አንድ ቀን ቁራሌው በበራችን ሲያልፍ ከጆንያው ውስጥ እንደ ተቆለፈ የቀረ አሮጌ ጓጉንቸር አየሁ። ቁልፍ የለውም። አሳዘነኝ መሰለኝ፣ ገዛሁት። ናፍጣ ጨመርኩበት፣ ከብረት ቁራጭ ቁልፍ ሞረድኩለት፣ አልገባም አለ፣ እንደገና ሞረድኩ። በሦስተኛው ቀን ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ያቺን ድምፅ የሰማ ሰው ይረዳኛል፤ ያልሰማ ደግሞ እንደ ባለቤቴ ይስቅብኛል። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ እያመጣሁ፣ እየከፈትኩ፣ ግድግዳው ላይ በሽቦ እሰቅላለሁ። አልሸጥም።

ባለቤቴ ታደለች ትባላለች። "ቆልፈህ የምታስቀምጠው ነገር ሳይኖርህ ጓጉንቸር ትሰበስባለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ያን ዕለት ረቡዕ ነበር። ሆመቾ ያለ አንድ ዘመዴ ደውሎ፣ አሮጌ ጎተራ ሲያፈርሱ ትልቅ ጓጉንቸር ማግኘታቸውን ነገረኝ። ወዲያው ተነሣሁ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ስነሣ ታደለች ታጉረመርማለች። ያን ቀን ግን "ሂድ እንጂ፣ መኪናው ያመልጥሃል" ብላ ጃኬቴን ራሷ አቀበለችኝ። ደስ አለኝ። ለምን አላልኩም።

ጓጉንቸሩ የጡጫዬን ያህል ነው። የቁልፉ ቀዳዳ ላይ እንደ ዐይን ሽፋን ወረድ ወጣ የምትል ትንሽ ብረት አለችው፤ እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ "ምንድን ነው አባባ?" ቢለኝ እስከ ሆሳዕና ድረስ ሳስረዳው መጣሁ። መጨረሻ ላይ የተኛ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈር ገባሁ። ቤቴ ፊት ለፊት ስደርስ ቆምኩ።

የግቢያችን በር ላይ ቀይ ኤክስ ተቀብቷል። ትልቅ ነው፤ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ይደርሳል። በጣቴ ነካሁት፤ ጣቴ ቀላ። ገና አልደረቀም።

ኤክስ በር ላይ ምን ማለት እንደሆነ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቃል። ይፈርሳል ማለት ነው። ሌላ ሰፈር አይቻለሁ፤ ዛሬ አጥሩ ላይ ይቀባል፣ ሰንብቶ ማሽኑ ይመጣል። የእኛም መንገድ ይሰፋል የሚል ወሬ ከተወራ ቆይቷል። መንገዱ ከሰፋ መጀመሪያ የሚሄደው በሩና የኔ ክፍል ነው። ትንሽ ገባ ካለ ደግሞ በረንዳውን ይወስዳል፤ በረንዳው ከሄደ የቤቱ ፊት ሄደ ማለት ነው። እኔና ታደለች ያን ቤት የሠራነው ጭቃ በእግራችን ረግጠን ነው። አሁን ጭቃ የሚረግጥ እግር የለንም።

በሩ ተቆልፏል። ጎረቤታችን ሸምሱ እህል ነጋዴ ነው፤ መደብሩ ከእኛ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ቁልፉን ይዞ መጣ።

"ጋሽ ሀንዲሶ፣ እትዬ ታደለች ቦኖሻ ሄደዋል። የእህታቸው አማት አረፉ ተብሎ ተደወለላቸው። እያለቀሱ ነው የወጡት።"

"ይህን የቀባው ማን ነው?" አልኩት።

ያየው ገና ያኔ ነበር። እየሮጠ ሄዶ የራሱን በር አየ። ዞሮ የጓሮ አጥሩንም አየ። ሲመለስ ፊቱ በርቷል።

"የእኔ ላይ የለም፣ አልሐምዱሊላህ" አለ። ከዚያ እኔን ሲያየኝ አፈረ። "ማለቴ፣ ምናልባት በአንድ በኩል ብቻ ይሆናል የሚሰፋው።"

"አንተና እኔ በአንድ በኩል ነን።"

"እሱስ ልክ ነው" አለ።

ቀቢዎቹን አይቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሶላት ሄዶ ነበር፤ አላየም። ለታደለች ልደውልላት ብዬ ስልኬን አወጣሁና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ለቅሶ ቤት ለተቀመጠች ሴት ቤትሽ ሊፈርስ ነው አይባልም።

በማግስቱ የቤቱን ካርታ በፌስታል ጠቅልዬ ማዘጋጃ ሄድኩ። አንዲት ልጅ እግር ሠራተኛ ተቀበለችኝ። ካርታውን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ ደግሞ ከመደርደሪያ ፋይል አውርዳ አገላበጠች። ሥራዋን በደንብ ነው የሠራችው፤ ይህን መመስከር አለብኝ።

"አባባ፣ በእናንተ መንገድ ላይ ምንም የለም" አለችኝ። "እኛ ምልክት ካደረግን አጠገቡ ቁጥር እንጽፋለን። ባለቤቱንም እናነጋግራለን።"

"ታዲያ ማን ቀባው?"

"ልጆች ይሆናሉ።"

"ልጅ ቀለም ካገኘ አጥሩን ሁሉ ነው የሚቀባው። አንዲት ኤክስ ቀብቶ የሚሄድ ልጅ አይቼ አላውቅም።"

ሳቀች። "እሱን እኔም አላውቅም አባባ።"

"እንግዲያው እንደማይፈርስ ጻፊልኝ።"

"የሌለ ነገር የለም ብዬ እንዴት ልጻፍ? ይልቅ ቤትዎ ሄደው ይረፉ።"

ወጣሁ። ግማሽ ልቤ አምኗታል፣ ግማሹ አላመናትም። ገና ቤት ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ። ታደለች ናት፤ የእሷ ባትሪ አልቆ በወንድሟ ስልክ ነው የደወለችው። ስለ ለቅሶው አጽናናኋት። አሮጊቷ ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት፤ ድምጿም እንደ ለቀስተኛ አልነበረም። ከዚያ፣

"በሩን አየኸው?" አለችኝ።

ደነገጥኩ። እኔ አልነገርኳት። ማን ነገራት? ወሬው ቦኖሻ ድረስ ደርሷል ማለት ነው።

"አይቼዋለሁ" አልኩ።

"ታዲያ ምን አልክ?"

"ምን እላለሁ? ሰው ሁሉ እያየው ነው የሚያልፈው።"

"ሰውም አየው?" አለች ቀስ ብላ።

"ሸምሱ አይቷል። እዚያ ማዶ ያሉትም አይተዋል። በር ላይ ያለ ነገር ይደበቃል እንዴ?"

"በል እንዳትነካው። እኔ ስመጣ እጨርሰዋለሁ።"

"አንቺ ምኑን ትጨርሺዋለሽ?"

"እጨርሰዋለሁ አልኩህ። አይከብደኝም" አለችና ስልኩን ለወንድሟ መለሰች።

ስልኩን ይዤ መንገድ ላይ ቆምኩ። ይቺ ሴት ዕድሜ ልኳን አንድ ቢሮ ገብታ አታውቅም፤ አሁን ከማዘጋጃ ጋር ልትጨርሰው ነው። ሐዘን ልቧን ነክቶታል ብዬ ፈራሁ። ከዚህ በላይ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ቦኖሻ ያለ ሰው የሚያውቀውን ነገር የማዘጋጃዋ ልጅ የለም ካለችኝ፣ ደብቃኛለች። የሚፈርስ ነገር ባይኖር ወሬው አውራጎዳና ተሻግሮ አይሄድም ነበር። እኔ አንዴ ነገር ከያዝኩ አልለቅም፤ ይህን ታደለችም ትነግራችኋለች።

ቤት ገብቼ መሰላል አወጣሁ።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር። ማሽን የነካው ቆርቆሮ ተጨማዶ ለምንም አይሆንም። በእጅ የተነቀለ ግን ለጓሮ ኩሽና ይሆናል። ስለዚህ እነሱ ሳይመጡ ክፍሏን ራሴ ላንሣት። ጓጉንቸሮቹን ከግድግዳው አወረድኩና በማዳበሪያ ጆንያ ከተትኳቸው። ሁለት ጆንያ ሞሉ። ጆንያዎቹን እየጎተትኩ ወደ ግቢ ሳስገባ ሆመቾ ድረስ የሄድኩለትን ትልቁን ከነመኖሩም ረሳሁት። ከዚያ በመዶሻው ጀርባ ሚስማር መንቀል ጀመርኩ።

ሸምሱ የእህል ማፈሻውን እንደያዘ መጥቶ ከታች ቆመ።

"ጋሼ፣ የሚያፈርሱት እነሱ ከሆኑ ሥራቸውን ለምን ይሠሩላቸዋል?"

"ቆርቆሮዬን ለማዳን ነው።"

"ማዘጋጃ የለም አላሉዎትም እንዴ?"

"አንተ የእነሱ ወገን ነህ?"

"እኔ የማንም ወገን አይደለሁም፤ መሰላሉ ይወዛወዛል ልይዝልዎት ነው የመጣሁት" አለና ያዘልኝ።

አንድ ሽማግሌ ቤቱን ሲያፈርስ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። አንዱ አይዞህ ይለኛል፣ አንዱ ካሳ ተቀበልክ ወይ ይለኛል፣ አንዷ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ማዶ ያለችው ባለ ጉልት ማሽኑ ይመጣል ብላ ሽንኩርቷን ሰብስባ ወደ ላይኛው ሰፈር ሄደች። በማግስቱ ጠዋት እንደሰማሁት የመንገዱ ሰው ግማሹ ካርታውን ይዞ ማዘጋጃ ሄዷል። ያቺ ልጅ ያን ቀን ስንት ሰው እንዳስተናገደች እግዚአብሔር ይወቅላት።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የፊተኛው ግድግዳ በሙሉ ወርዷል፤ የጎኑ ግድግዳም ተጋምሷል። መሰላሉ ላይ እንዳለሁ ታደለች ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች ከባጃጅ ወረደች። ቆማ አየችኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"እያዳንኩ ነው" አልኳት።

"ምኑን? ከምን?"

በመዶሻው ወደ በሩ ጠቆምኩ። በሩን አየች። እኔን አየች። እንደገና በሩን አየች።

"ከዚህ?" አለች።

"ከዚህ ነዋ። ራስሽ አይደለሽ በስልክ የነገርሽኝ። ሊያፈርሱን እንደሆነ አንቺ ቦኖሻ ሆነሽ ሰምተሽ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ..."

ንግግሬን ሳልጨርስ በሩ ሥር ካስቀመጥኩት የጓጉንቸር ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፣ ትከሻዋም ይንቀጠቀጥ ጀመር። የምታለቅስ መስሎኝ ከመሰላሉ ወረድኩ። "አይዞሽ ታደለች፣ ሌላ እንሠራለን" አልኳት። ይህን ስላት ጭራሽ ባሰባት። ጠጋ ብዬ ሳያት እየሳቀች ነው።

ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ስትመለስ አንድ የቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ይዛለች። የሐዘን ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። በሩ ፊት ቆመች፣ ብሩሹን ነከረች፣ ከኤክሱ አጠገብ ኩባያ የሚመስል ነገር ሣለች። ቀጥላ ሁለት ኮረብታ የሚመስል ነገር አደረገች። መጨረሻ ላይ የቤት ጣሪያ የሚመስል ሣለችና በመሃሉ አንድ መስመር አጋደመችበት። ወደኋላ ሁለት እርምጃ ሄዳ አየችው።

"አንብበው" አለችኝ።

"እንግሊዝኛ አላውቅም።"

"እንግሊዝኛ አይደለም። የራስህ ቋንቋ ነው።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በቤታችን ፊደል የቆጠርኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከትላልቅ ሰዎች ጋር ተቀምጬ ሀ ሁ ተምሬአለሁ። ጣቴን እያስኬድኩ ቀስ ብዬ አነባለሁ። ወረቀት ከመጣ ታደለች ለእኔ ነው የምትሰጠኝ፤ የመብራትም ይሁን የሰርግ ጥሪ። እኔም አንብቤ እነግራታለሁ። ይህ ሁሉ ግን በአማርኛ ነው። የእኛ ቋንቋ ሀዲይኛ በፈረንጁ ፊደል እንደሚጻፍ፣ ልጆችም ትምህርት ቤት በዚያ እንደሚማሩት እሰማለሁ። አንድም ቀን ዐይኔን ጥዬበት አላውቅም።

ታደለች ጣቷን ኤክሷ ላይ አደረገች።

"ይቺ 'ጥ' ናት" አለችኝ።

"ኤክሷ?"

"ኤክሷ።"

ከዚያ ጣቷን ከአንዱ ወደ አንዱ እያሳለፈች፣ ልክ እኔ እንደማነበው ቀስ ብላ፣ "ጡ... ማ" አለች።

ጡማ ማለት በእኛ ቋንቋ ደህና፣ ሰላም እንደ ማለት ነው። ሰውና ሰው ሲገናኝ የሚባባለው ነው። እኔ አፍ ከፈታሁ ጀምሮ በየቀኑ የምለው ቃል ነው። በራችን ላይ ተጽፎ ሳገኘው ቤቴን አፈረስኩ።

እሷ በተነሣችበት ጆንያ ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ቤቱ አይፈርስም። በረንዳው አይሄድም። ማንም አይመጣም። ሌላ ምንም ማሰብ አልቻልኩም።

ሸምሱ የእህል ማፈሻውን እንደያዘ አጥሩን ተደግፏል። "ጋሼ፣ ሰላም ነው ብለው ቢጽፉልዎት ቤት አፈረሱ" አለኝ።

ነገሩን በኋላ ነው የነገረችኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔ የሴቶች ጸሎት ይመስለኝ ነበር። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ማንበብ የማይችሉ ሴቶች ተሰብስበው በራሳቸው ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ይማራሉ። ዓመት አልፏታል። ያን ረቡዕ እኔ ሆመቾ ስሄድ፣ ከመስኮት የተረፈውን ቀለም አውጥታ በሩ ላይ ልትጽፍ አስባለች። ለዚህ ነው ጃኬቴን ያቀበለችኝ። የመጀመሪያዋን ፊደል ጨርሳ ብሩሹን ስታነሣ ስልኳ ጮኸ። ለቅሶ ነው። ቀለሙን ከድና፣ እጇን ታጥባ ሄደች። በማግስቱ ስትደውልልኝ፣ ጅምሩን አይቼ ምን እንዳልኩ ለመስማት ነበር።

"ከሆመቾ ስትመለስ በር ላይ ደርቀህ እንድትቆም ነበር የፈለግኩት" አለችኝ።

"ቆሜያለሁ" አልኳት።

"ለምን አልነገርሽኝም?" ብዬ ትንሽ ተቆጣሁ። ትክክል አልነበርኩም፤ ግን የደነገጠ ሰው መቆጣቱ አይቀርም።

"ስንቴ ልነግርህ ነበር" አለች። "አንተ የምትሰማው ጓጉንቸር ጠቅ ሲል ብቻ ነው።"

ክፍሏን መልሶ መሥራቱ ከማፍረሱ ይልቅ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ሸምሱ ቆርቆሮውን ይይዝልኛል፣ እየያዘ ይስቃል። የድሮው የሚስማር ቀዳዳ ከአዲሱ ጋር አልገጥም ብሎ ሁለት ቦታ ያፈሳል። ባለ ጉልቷ ሳምንት ሙሉ ሰላም አላለችኝም። የማዘጋጃዋን ልጅ እንኳ ሄጄ ልክ ነበርሽ አላልኳትም። መንገድ ላይ ሳገኛት ግን ቀድሜ ኮፍያዬን አነሣላታለሁ። ለምን እንደሆነ የገባት ይመስለኛል። የሆመቾው ትልቁ ጓጉንቸር እስካሁን አልተከፈተልኝም፤ ሰው ሲጠይቀኝ እየሠራሁበት ነው እላለሁ።

አሁን በቤታችን ሁለት አንባቢ አለ። በአማርኛ የመጣውን እኔ አነባለሁ። በእኛ ቋንቋ የመጣውን ለእሷ እሰጣታለሁ፤ እሷም መነጽሬን ተቀብላ ጣቷን እያስኬደች ትነግረኛለች። አልፎ አልፎ እኔ ያላነበብኩትን ነገር እሷ ስትስቅበት አያለሁ። ይከነክነኛል፣ ግን ደስም ይለኛል።

ከሰፈሩ መታጠፊያ ስመጣ መጀመሪያ የምትታየኝ ያቺ ኤክስ ናት፤ ሲጀመር ቀለም ሳትቆጥብ ስለጻፈቻት ከሌሎቹ ትልቃለች። ዛሬም ሳያት ልቤ ድንግጥ ይላል። ትንሽ ቆም እላለሁ። ኩባያዋም፣ ኮረብታዋም፣ ጣሪያዋም ከአጠገቧ መኖራቸውን አያለሁ። ከዚያ በሩን ከፍቼ እገባለሁ።